ሳህኑን አታዙረው

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠርሙስ ሳጥብ አንድ ሰው እንኳ ወደ ማጠቢያ ክፍሌ ብቅ ብሎ «እጅሽ ይባረክ» ያለኝ የለም። አንድ ነገር ሲበላሽ ግን ሁሉም በሬን ያውቀዋል። ጥናቱ ሲሰምር የምሁራኑ ነው፤ ሲከሽፍ የአሮጊቷ። ሆድ ብሷት ነው እንዳትሉ፣ ሆዴ ደህና ነው። የምጽፈው ነገሩ እነሱ በሚያወሩት መልክ ብቻ እንዳይቀር ብዬ ነው።

ትምህርት ቤትን በውጭ አጥሩ ነው የማውቀው። ፊደል የቆጠርኩት ከጠርሙስ ላይ ነው። የተለጠፈውን ወረቀት ከመላጤ በፊት አየዋለሁ፤ ትናንት ያየሁትን ከዛሬው ጋር አስተያየዋለሁ፤ እንዲህ እያልኩ መጀመሪያ «ጨው» የሚለውን፣ ቀጥሎ «መርዝ» የሚለውን፣ ሲቆይ ጋዜጣውን ሙሉ ለየሁ። ይህን የሚያውቅ ዕቃ ቤቱ ብቻ ነው። ዕቃ ቤቱ የምለው የመጋዘኑን ኃላፊ ነው፤ እኩያዬ፣ ራሱ ተመልጦ ያለቀ፣ አፉ ግን ገና ለጋ የሆነ ሰው። «አንቺን ያስተማረሽ ሳሙና ነው፤ ለዚህ ነው ምላስሽ የሚያቃጥለው» ይለኛል።

ሥራ ቦታዬ ካንሰር የሚጠናበት ላብራቶሪ ነው። ክፍሌ በኮሪደሩ ጫፍ ናት። ሁለት ትልልቅ ገንዳ፣ በቁመቴ ልክ የሆነ የእንፋሎት ድስት፣ ጠርሙስ የሚደርቅበት የሽቦ መደርደሪያ አላት። በግድግዳዋ ላይ መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ማዶ ሴል የሚያሳድጉበት ክፍል ነው። እነሱ ቀና ካላሉ አያዩኝም፤ እኔ ግን እጄ ገንዳ ውስጥ እያለ አያቸዋለሁ።

አስተጣጠቤን ልንገራችሁ፣ ነገሩ እሱ ላይ ነውና። ጠርሙሱ በሳሙና ውኃ እስከ ማግስቱ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ብሩሽ። ከዚያ በቧንቧ ውኃ ሰባት ጊዜ፣ በተጣራ ውኃ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል። በመጨረሻ ወደ ብርሃን ይዤ አየዋለሁ። ንጹሕ ብርጭቆ ላይ ውኃ ሳይቆራረጥ እንደ ስስ ሐር ነው የሚወርደው። ቅባት ወይም ሳሙና ከቀረበት ግን ይበጣጠሳል፤ እንደ ግንባር ላብ ጠብ ጠብ ይላል። ጠብ ካለ እንደገና ከሀ እጀምራለሁ። ማንም አላዘዘኝም። እጄ የያዘው ነገር ቆሻሻ ነው ሲባል መስማት ስለማልችል ነው።

የሚያጠኑት የወንዶችን ካንሰር ነው፤ ከፊኛ ሥር ባለችው ፕሮስቴት በምትባለው ዕጢ ላይ የሚነሣውን። እኔ በሽታውን ከብዙዎቹ በፊት አውቀዋለሁ፤ ባሌን፣ ሽማግሌዬን፣ የወሰደብኝ እሱ ነው። አናጢ ነበር። ሐኪሞቹ የወንድ ሆርሞኑን የሚያደርቅ መርፌ ይወጉት ነበር፤ ሦስት ዓመት በሽታው ድምፁን አጠፋ። መጋዙን አነሣ፣ ለጎረቤት አልጋ ሠራ፣ «ጉድ አደረግኩት» እያለ ጎረረ። በአራተኛው ዓመት አጥንቱ ውስጥ ተነሣበት። መርፌውም ከዚያ ወዲያ ቆዳ ከመብሳት በቀር የፈየደው ነገር የለም።

ከቀብሩ ተመልሼ ሥራ በገባሁ ሳምንት የላብራቶሪውን ኃላፊ፣ ፕሮፌሰሯን፣ ቢሮዋ ድረስ ሄጄ ጠየቅኳት። ሁሉም አንቱ ይላታል፤ እኔ አንቺ ነው የምላት፣ በልጄ ዕድሜ ናት፣ ቅር ብሏትም አያውቅም።

«ተኝቶ የነበረውን በሽታ ማን ቀሰቀሰው?» አልኳት።

ወንበር ሳበችልኝ። «እማማ፣ እያንዳንዱ ሴል አንድ ዓይነት የልብስ ሣጥን ተሸክሞ ነው የሚኖረው» አለች። «ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ልብሶች ጂን ይባላሉ። የጉበቱም የዕጢውም ሴል ሣጥኑ አንድ ነው፤ የሚለያዩት አውጥተው በለበሱት ነው።»

«ልበስ፣ አውልቅ የሚለውስ ማነው?»

«ከውጭ የሚመጣ መልእክት ነው። ጎረቤት ሴል ይልካል፣ ደም ያመጣል። አየር ማነሱ ራሱ መልእክት ነው። ሲበርድዎ ካፖርት እንደሚያወጡት ማለት ነው።»

«የእኔን ሰው የገደለው ታዲያ ምን ለብሶ ነበር?»

«አብዛኞቹ የዚህ ካንሰር ሴሎች ሆርሞን የሚሰሙበት ጆሮ አላቸው። መርፌው የሚያጠፋው እነሱን ነው። ጥቂቶች ግን ያንን ጆሮ ከሣጥኑ ገና አላወጡትም። ግንድ ሴሎች እንላቸዋለን። ሌላው ሲታጨድ እነሱ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ቆይቶ ከእነሱ ይበቅላል።»

«ታጭዶ የሚበቅለው በሥሩ ነው እንጂ በግንዱ ነው እንዴ? ስሙን ያወጣው ሰው አረም ነቅሎ አያውቅም» አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠርሙሱን ሳጥብ ለማን እንደማጥብ አውቃለሁ።

እነዚያን ግንድ ሴሎች የሚያሳድጉት ምንም በማይጣበቅበት ሳህን ውስጥ ነው። ሳህን ስል የመዳፍ ያህል ስፋት ያላት፣ ክዳን ያላት የፕላስቲክ ዕቃ ናት። ተራው ሴል የሚይዘው መሬት ሲያጣ ይሞታል። ግንዱ ግን ሳይሞት፣ ከአንድ ሁለት፣ ከሁለት አራት እየሆነ፣ ውኃ ውስጥ የተንሳፈፈች ደቃቅ ኳስ ይሠራል። ፕሮፌሰሯ «እንደገና ራስሽን ውለጂ» የሚለውን መልእክት የሚቆርጥ መድኃኒት ይዛለች። መድኃኒቱ ከሠራ ኳሶቹ ይመነምናሉ፤ የግንድነት ልብሳቸውንም ያወልቃሉ፤ የትኛውን ጂን እንደለበሱ የሚያነብ መሣሪያ ደግሞ አላት።

ይህን ሥራ መጀመሪያ የያዘችው ግራኟ ነበረች፤ በግራ እጇ የምትጽፍ፣ ዘፈን የምታንጎራጉር ልጅ። በእሷ እጅ መድኃኒቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ሠራ። ከዚያ ለተጨማሪ ትምህርት ሄደችና ቀጭኑ ተተካ። ቀጭኑ አዲስ ዶክተር ነው፤ ቀበቶው ሁለት ጊዜ የሚዞረው፣ ቀንና ማታ የሚሠራ፣ ሰነፍ የማይባል ልጅ። በእሱ እጅ መድኃኒቱ አራት ወር እምቢ አለ።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሁሉም ስብሰባ ክፍል ይገባሉ። የሳምንቱን ውጤት ግድግዳ ላይ እያበሩ ይጨቃጨቃሉ። እኔ በዚያ ሰዓት ንጹሕ ጠርሙስ በጋሪ እየገፋሁ በበሩ አልፋለሁ። የዚያን ዕለት በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

«መድኃኒቱ አልተበላሸም፤ ሦስት ጊዜ አስመርምሬዋለሁ» ይላል ቀጭኑ። «የሚታመሙት ሴሎቹ ናቸው። ኳሶቹ ተያይዘው ጓል ይሆናሉ። የሚለብሱት ጂንም የጭንቀት ነው፣ አየር ያጣ ሴል የሚለብሰው ዓይነት። እኔ የምጠረጥረው ሳሙና ነው። ጠርሙሶቹ በደንብ አይለቀለቁም።»

«እማማ እኮ ጠንቃቃ ናቸው» አለች አንዷ።

«ናቸው። ግን አርጅተዋል፤ ዐይናቸውም ደክሟል። ደግሞ አልተማሩም። የሳሙና ቅሪት ሴል ላይ ምን እንደሚያደርግ በምን ያውቃሉ?»

አሥራ ሁለት ሰው ነበር እዚያ ክፍል። አንድም ሰው «ተው» አላለም። ፕሮፌሰሯ ብዕሯን እያንቀሳቀሰች ቆየችና፣ «እንግዲያው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የሚጣል የፕላስቲክ ጠርሙስ እናስመጣለን» አለች። «ማጠቢያ ክፍሉ ማቀዝቀዣ ይገባበታል። እማማን ኮሪደር ጽዳት ላይ እናደርጋቸዋለን፤ ቀለል ይላቸዋል።»

ቀለል ይላቸዋል! ጋሪዬን አዙሬ በሩን በእሱ ከፈትኩት። ሃያ አራት ጠርሙስ አንድ ላይ ተንጫጨ።

«ቀጥሉ» አልኩ። «ስለ እኔ ሲወራ ሰምቼ፣ የጎደለ ካለ ልሙላላችሁ ብዬ ነው።»

ቀጭኑ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «እማማ፣ እርስዎን ለማስቀየም ብዬ አይደለም...»

«ከሃያ አራቱ አንዱን ምረጥ።»

«እማማ...»

«ምረጥ! ሚስት አይደለም፤ ጠርሙስ ነው።»

ሰው ሳቀ። ከመሐል አንዱን አነሣ። ከጠረጴዛው ላይ የሚጠጣ ውኃ ወስጄ ጥቂት ጨመርኩበት፣ ክዳኑን ገጥሜ ትከሻዬ እስኪዝል ናጥኩትና አፍንጫው ሥር አቆምኩት። «አረፋ ታያለህ?»

«አላይም። ግን አረፋ የማያወጣ ትንሽ ቅሪትም ሴል ይጎዳል።»

ይህ እውነት ነው፤ እውነትን ከጠላቴም አፍ እቀበላለሁ። «እሺ» አልኩ። «ዐይኔ አርጅቷል ካልክ ዐይኔን ተወው። ከፋብሪካ የመጣ፣ የእኔ እጅ ያልነካው ጠርሙስ አምጣ። የሴሉን ምግብ በእሱም ቀላቅል፣ በእኔም ቀላቅል። ሳህኖቹን ጎን ለጎን አሳድጋቸው። የታመመው የእኔ ብቻ ከሆነ ኮሪደሩን ተወው፣ ሽንት ቤቱንም እጠርጋለሁ። ሁለቱም ከታመሙ ግን አህያውን ፈርተህ ዳውላውን ስትመታ ነው የከረምከው ማለት ነው።»

ፕሮፌሰሯ ብዕሯን አስቀመጠች። «ትክክለኛ ሙከራ ነው» አለች። «ሁለት ሳምንት።»

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሰላም የሚለኝ ሁሉ እንደ በሽተኛ ነበር የሚያየኝ። ዕቃ ቤቱ ብቻ አልተለወጠም። «ኮሪደሩን ስትይዢ በጭቃ ጫማዬ ስምንት ጊዜ ነው የምመላለስብሽ» አለኝ።

«አንተ ራስህን ብትወለውልልን ኮሪደሩ መብራትም አያስፈልገው» አልኩት።

ቤት ደግሞ ልጄ አለች፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ መርፌ በአፏ ይዛ ነው የምትመክረኝ። «እማዬ፣ ስልሳ ሰባት ዓመትሽ ነው። ጉልበትሽ ያምሻል። ተይላቸው በቃ።»

«መተውስ እተዋለሁ» አልኳት። «አንድ ቀን ጋሪዬን አቁሜ፣ በእግሬ ወጥቼ። ቆሻሻ ናት ተብላ ተነሣች ሲባል ግን አይሆንም። አንቺ የሰፋሽው ቀሚስ ተተረተረ ቢሉሽ፣ ሳታዪው እሺ ትያለሽ?»

መርፌዋን ከአፏ አወጣች። «ሞቼ ነው እሺ የምል?»

«እንግዲያው ስፌትሽን ስፊ።»

ሁለተኛው ሰኞ መጣ። በፋብሪካው ጠርሙስም፣ በእኔውም የተሠሩት ሳህኖች አንድ ዓይነት ሆኑ። ሁለቱም ታመሙ። እልል ልል አፌን ስከፍት ቀጭኑ፣ «ፒፔቶቹስ?» አለ። ፒፔት ፈሳሽ የሚመጠጥባት ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ናት። «በሁለቱም ሳህን ላይ የሠራሁት እዚሁ በታጠቡ ፒፔቶች ነው።»

ፕሮፌሰሯ ደክሟታል። የመድኃኒቱን ውጤት ለማሳወቅ የምትልከው ጽሑፍ እየጠበቃት ነው። «እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ምክንያት ካልተገኘ በዕቅዱ እንቀጥላለን» አለች። የወሩ መጨረሻ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር።

እንግዲህ የሚከተለውን በደንብ ያዙልኝ። የተማሩት ሰዎች ሳህኑን የሚያዩት በማይክሮስኮፕ ነው። አንዷን ጥግ እንደ ዝሆን አግዝፈው ያያሉ። ሥራቸው ሲያልቅ ሳህኖቹን ከነክዳናቸው በቢጫ ባልዲ ያስቀምጣሉ። ባልዲው ወደ ማን ይመጣል? ወደ እኔ። በረኪና አፈስስባቸዋለሁ፣ በእንፋሎት ድስቱ እቀቅላቸዋለሁ፣ ከዚያ ይጣላሉ። ሳህኑን በሙሉ፣ እንዳለ፣ በባዶ ዐይኑ የሚያየው ሰው በዚህ ሕንፃ ውስጥ አንድ ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት ጓንቴን አድርጌ፣ በረኪናውን ከማፍሰሴ በፊት አንዱን ሳህን ወደ መስኮቱ ቀና አደረግኩት። መሐሉ ላይ የወተት ጠብታ የሚመስል ነጭ ነገር አለ። ሁለተኛውን አነሣሁ፤ መሐሉ ላይ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም መሐሉ ላይ። ጠርዙ ባዶ ነው። የግራኟ ሳህኖች ትዝ አሉኝ፤ ሁለት ዓመት በእጄ አልፈዋል። የእሷ በወንፊት እንደተነፋ ደቃቅ ዱቄት ከዳር እስከ ዳር ተበትኖ ነበር የሚታየው።

ሳሙና መሐል አይመርጥም። ሳሙና ከገደለ የትም ይገድላል። እነዚህን ወደ መሐል የሰበሰባቸው እጅ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ገንዳዬን ሞልቼ በመስኮቱ ፊት ቆምኩ። ቀጭኑ ገባ። ሳህኑን ከፈተ፣ አዲስ ምግብ ጨመረ፣ ከደነ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ በሦስት ጣቱ ይዞ፣ ሻዩ ውስጥ ስኳር እንደሚያሟሟ ሰው፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አዞረው። ወደ ማሞቂያ ሣጥኑ አስገባው። ቀጣዩንም እንዲሁ። ቀጣዩንም። ግራኟ እንዲህ አታደርግም ነበር። እሷ ወደ ፊት ገፋ፣ ወደ ኋላ ሳብ፣ ወደ ቀኝ ገፋ፣ ወደ ግራ ሳብ ነበር የምታደርገው፤ እንዲያውም ሸሚዝ የምትተኩስ ትመስለኝ ነበር።

እጄን ሳልጠርግ ሻይ ክፍል ሄድኩ። ሻዩን ከነቅጠሉ በብርጭቆ ቀዳሁና እንደ እሱ አዞርኩት። ቆም ሳደርገው ቅጠሉ ሁሉ ብርጭቆው ሥር መሐል ላይ ጉብታ ሠርቶ ተቀመጠ። ዕድሜዬን ሙሉ ሻይ ጠጥቻለሁ፤ ቅጠሉን እንደዚያን ቀን አፍጥጬ አይቼው አላውቅም።

ሌላ ቀድቼ ፕሮፌሰሯ ቢሮ ገባሁ።

«አመሰግናለሁ እማማ፣ አሁን አልጠጣም፤ ሥራ ይዣለሁ።»

«ማን ጠጪ አለሽ? እይ ነው የምልሽ።» ብርጭቆውን ፊቷ ላይ እንደ እሱ አዞርኩና አስቀመጥኩት። ከኪሴ ደግሞ በረኪና ጠጥተው፣ በእንፋሎቱ ተቀቅለው የበረዱትን ሁለት ሳህኖች አወጣሁ፤ አንዱን በረኪናው አጥቦታል፤ ሌላው ግን ዛሬም መሐሉ ላይ ነጭ ነጥብ ይዟል። «ልጁ ሳህኑን ያዞረዋል። ግራኟ አታዞርም ነበር፤ ትገፋ ነበር።»

ሻዩን አየች። ሳህኑን አየች። ደግማ ሻዩን አየች። ከዚያ ፕሮፌሰር ይናገረዋል ብዬ የማላስበውን አንድ ቃል ተናገረችና ቀጭኑን አስጠራችው።

«ምግብ ጨምረህ ስትጨርስ ሳህኑን ምን ታደርገዋለህ?» አለችው።

«እንዲዳረስ አዞረዋለሁ።»

«ማን አስተማረህ?»

«ማንም። ድሮ በነበርኩበት ላብራቶሪ ባክቴሪያ ነበር የማሳድገው። ባክቴሪያ ካልዞረ አያድግም። ቀኑን ሙሉ የሚያዞር ማሽን ነበረን፤ እጄም ያንን ለመደና...» መሐል ላይ አቋረጠ። ሻዩን ማየት ጀመረ።

«እነዚህ ባክቴሪያ አይደሉም» አለች ፕሮፌሰሯ። «ኳሶች ናቸው። ስታዞራቸው መሐል ይሰበሰባሉ፤ ተጣብቀው አንድ ትልቅ ጓል ይሆናሉ። ከጓሉ ውስጥ ያሉት አየር አይደርሳቸውም። አየር ማጣት ደግሞ...»

«መልእክት ነው» አልኩ እኔ። «ልብስ ያስለውጣል።»

ዞር ብላ አየችኝ። «ልብስ ያስለውጣል» አለች ቀስ ብላ። «መድኃኒቱም ከላይ ያሉትን ነክቶ ይቀራል፤ ውስጥ አይገባም። ውስጥ ያሉት ደግሞ አየር ባጡ ቁጥር ግንድነታቸውን የባሰ አጥብቀው ይይዛሉ። አራት ወር ሙሉ የለካነው መድኃኒቱን ሳይሆን ጓሉን ነው።»

ቀጭኑ ግን እልኸኛ ነው፤ እልህ ባይኖረው እዚህም አይደርስም ነበር። «የአራት ወር ሥራዬ በሻይ ቅጠል ነው የሚፈረድበት?» አለ።

«ልጄ፣ ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ሲባል አልሰማህም?» አልኩት። «አያያዝህ ነው ያለሁት። በሻዩ ካልታመንክ በሳህኑ እየው። ግማሹን አዙር፣ ግማሹን ግፋ። ጠርሙሱ የእኔ ይሁን፣ ፒፔቱም የእኔ ይሁን፤ ሁሉም የእኔ። ከታመሙ ሁሉም ይታመሙ።»

እንደዚያው ተደረገ። ፕሮፌሰሯ የሳህኖቹን ስም ደብቃ በቁጥር ብቻ ምልክት አደረገችባቸው፤ መሣሪያውን የምታነበዋ ልጅ የትኛው የዞረ፣ የትኛው የተገፋ እንደሆነ እንዳታውቅ። ቀጭኑ ሁለቱንም በራሱ እጅ ሠራ። ይህን ልናገርለት ይገባል፦ አላጭበረበረም። በመስኮቱ አየው ነበር፤ የሚገፋቸውን ሲገፋ እንደ እንቁላል እየተጠነቀቀላቸው፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ ነበር። የወሩ መጨረሻ አልፎ ማቀዝቀዣዎቹ ኮሪደር ላይ ተደርድረው ቆዩ፤ ፕሮፌሰሯ «ይጠብቁ» ብላለች። እኔ እንቅልፌን ተኛሁ። ልጄ «አትፈሪም?» ስትለኝ፣ «ጠርሙሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ምኑን ልፍራ?» አልኳት።

ውጤቱ ሐሙስ ደረሰ። ፕሮፌሰሯ እስከ ገንዳዬ ድረስ መጥታ ጓንቴን አስወለቀችኝና ሴል ክፍሉ አስገባችኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በመስኮት ያየሁትን ማይክሮስኮፕ ያን ቀን ዐይኔን አኖርኩበት። በመጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት ብቻ አየሁ። ከዚያ ጠራልኝ። የተገፋው ሳህን ውስጥ፣ መድኃኒት ያልገባበት፣ ኳሶቹ ለየብቻቸው ክብ ክብ ብለው፣ እንደ ተፈለቀቀ ሮማን ጥርት ብለው ይታያሉ። ክፉዎች ናቸው፤ ሰው ገዳዮች ናቸው፤ ግን ያምራሉ። መድኃኒት የገባበትን ስታሳየኝ ቦታው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እዚህም እዚያም የተጨማተረ ፍርፋሪ ብቻ ነው ያለው።

«የግንድነት ልብሳቸውን አውልቀዋል» አለችኝ። «መሣሪያው እንዲህ ጥርት አድርጎ አንብቦልን አያውቅም። በዞሩት ላይ ግን መድኃኒቱ ምንም አላደረገም፤ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ቁጭ ብለዋል።»

«ጠርሙሱስ?»

«ጠርሙሱ ምንም የለበትም እማማ። ማጠቢያ ክፍሉም የትም አይሄድም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ሽማግሌዬን ታስታውሰዋለች። «ይህ ግን በሳህን ውስጥ ነው። ወደ ሰው እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ላይደርስም ይችላል።»

«እኔ መች ቸኮልኩ?» አልኳት። «የእኔውማ ሄዷል። ሥሩን አግኝታችሁታል፤ አሁን የሚቀረው መንቀል ነው። ጠርሙሱን እኔ አቀርባለሁ።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የማጠቢያ ክፍሌ በር ተንኳኳ። እዚያ በር ላይ ሰው አንኳኩቶ አያውቅም፤ ሁሉም ገፍቶ ነው የሚገባው። ቀጭኑ ነው። ገባና በሩን ከኋላው ዘጋ። ቀጥሎ የተዘጋ መሆኑን ዞር ብሎ አየ።

«እማማ» አለ፤ ድምፁ ከእንፋሎት ድስቱ ፉጨት በታች ነው። «ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። አጥፍቻለሁ።»

«አልሰማሁህም።»

«አጥፍቻለሁ ነው ያልኩት። ያለ ማስረጃ ነው የተናገርኩት። ያ ጽሑፍ በእኔ ስሕተት ቢላክ ኖሮ መድኃኒቱ ተጥሎ ይቀር ነበር። እርስዎ ነዎት ያዳኑኝ።»

እጄን ጠረግኩ። ከልቡ እንደሆነ ከዐይኑ አየሁ፤ የዋህ ልጅ ነው፣ ዐይኑ ውኃ አቅርሯል። ሌላ ሴት ብትሆን እዚያው ላይ አቅፋ ትስመው ነበር።

«ያን ቀን ስትከሰኝ ስንት ሰው ነበር?» አልኩት።

«የት?»

«ስብሰባው ላይ ነዋ! የት ነው የከሰስከኝ?»

ጫማውን አየ። «አሥራ ሁለት።»

«ዛሬ ስንት ሰው አለ?»

ክፍሉ ውስጥ ያለነው እኔና እሱ፣ ከዚያ ጠርሙሶቹ ነን።

«በአሥራ ሁለት ሰው ፊት አቆሽሸህ በሁለት ገንዳ ፊት ታጥበኛለህ?»

«እማማ፣ ፕሮፌሰሯ እኮ ክፍሉ አይዘጋም ብለዋል። ሁሉም ሰው አውቋል። ነገሩ አልቋል።»

«ለአንተ ነው ያለቀው። እነሱ ያወቁት ሳህን መዞር እንደሌለበት ነው። አሮጊቷ ጠርሙስ ማጠብ አትችልም ያልከውን ማን መለሰው? ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ በሹክሹክታ አይለቀምም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

በሩን ሄጄ ከፈትኩት፤ ወለል አድርጌ፣ ኮሪደሩ ላይ የሚያልፈው ሁሉ እንዲያየን።

«ሰኞ ጠዋት» አልኩት፣ «ግድግዳው ላይ ሥዕልህን ከማብራትህ በፊት ትቆማለህ። ‹ጠርሙሱ ንጹሕ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ስሕተቴን ያገኙት እሳቸው ናቸው› ትላለህ። አርጅተዋል፣ አልተማሩም ያልክበት ድምፅ ጉሮሮህ ውስጥ አለ፤ በዚያው ልክ ነው የምትናገረው፣ በአንዲት ጣት አታሳንሰውም። የስብሰባውን በር ክፍት ትተወዋለህ። እኔ ጋሪዬን ይዤ ውጭ እቆማለሁ፤ ከሦስቱ አንዷ ካመለጠችኝ ገብቼ ከመጀመሪያው አስጀምርሃለሁ።»